ከጎንደር እስከ ባሕር ዳር፦ በጣና ዳር መንገድ የት ቆመን ፎቶ እናንሳ?

አንድ ኅዳር ላይ እህቴ ከውጭ መጣች። «ወደ ባሕር ዳር በመኪና እንሂድ፤ መንገዱን በሙሉ ፎቶ ማንሳት እፈልጋለሁ» አለችኝ። ደስ ብሎኝ ተነሳሁ። ቁርስ በልተን፣ ቡና ጠጥተን፣ ዘመድ ተሰናብተን ከጎንደር ስንወጣ 3:30 ሆኗል። ገና ከከተማው ሳንርቅ «እዚህ ጋ ቁም፣ እዚህም ቁም» ተጀመረ። ዛፍ አነሳን። አህያ አነሳን። ጉዛራ ስንደርስ ቀትር ሆነ። ባሕር ዳር የገባነው መብራት በርቶ ነው።

ስንመለስ እናቴ ስልኩን ተቀብላ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየች። ከ400 በላይ ነበሩ። መጨረሻ ላይ ቀና ብላ «ጣናስ የታለ?» አለች። እውነቷን ነው። ጣና የነበረው በቀትር ብርሃን እንደ ነጭ ነጠላ ሆኖ ከሰማዩ ጋር የተቀላቀለባቸው ሁለት ፎቶዎች ላይ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ይህን መንገድ ስሄድ የምቆምበትን ቦታ ቤቴ ቁጭ ብዬ ነው የምወስነው። እዚህ የምጽፈው ያንን አሠራር ነው። ባለሙያ ካሜራ አያስፈልጋችሁም፤ ስልክ ይበቃል። አሠራሩ ወደ ሰሜን ለምትሄዱትም ያገለግላል፣ ወደ ኮሶዬ ወይም ወደ ሊማሊሞ።

በመጀመሪያ፦ መንገዱን ጠይቁ

ከፎቶ በፊት ደኅንነት ይቅደም። የክልላችን መንገድ አንድ ቀን ክፍት፣ አንድ ቀን ዝግ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ስለዚህ በዋዜማው መነኸሪያ ሄዳችሁ በዚያው ቀን ከባሕር ዳር የገባ ሹፌር ጠይቁ። የት የት ፍተሻ እንዳለ፣ የት መቆም እንደማይመከር ከእነሱ የተሻለ የሚነግራችሁ የለም። «ዛሬ ይቅርባችሁ» ካሏችሁ ይቅርባችሁ። ጣና የትም አይሄድም።

ጨለማ ላይ መንዳትን ከዕቅዳችሁ አውጡ። ስለዚህ ንጋት ላይ መንገድ ዳር ቆሞ ፀሐይ ስትወጣ ማንሳት የሚባለውን ነገር እዚህ እንተወዋለን። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ተነሱ፤ ሳትጠልቅ ግቡ። ዕቅዱ በሙሉ የተሠራው በእነዚህ ሁለት ሰዓቶች መካከል ነው።

መታወቂያ ያዙ። ፍተሻ ላይ ስልክም ካሜራም ዝቅ ይበል። ወታደር፣ ፖሊስ፣ ኬላ፣ ካምፕ አይነሳም። አዘዞ ላይ አየር ማረፊያም ካምፕም ስላለ እስክታልፉ ድረስ ካሜራው ቦርሳ ውስጥ ይቀመጥ። ድሮን ያለ ፈቃድ አይበርም፤ ፈቃድ ከሌላችሁ ጭራሽ ይዛችሁ አትውጡ።

ወር ምረጡ

ምርጫው የእኔ ከሆነ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር መጨረሻ ነው። በመስከረም መሬቱ አረንጓዴ ነው፣ አደይ አበባ አለ፣ ሰማዩ ደግሞ ታጥቦ የተሰጣ ይመስላል። ደመናውም ቅርጽ ያለው ነጭ ደመና ነው። በጥቅምትና በኅዳር የፎገራ ሩዝ ወደ ወርቅማ ይለወጣል፣ አጨዳም ይጀመራል።

ከየካቲት ጀምሮ አቧራና ጭስ አየሩን ያደበዝዘዋል። ከኮረብታ ላይ ሆናችሁ ወደ ሐይቁ ብታዩ ዳርቻው አይለይም። በዚያ ወቅት ከሄዳችሁ የሩቅ እይታውን ትታችሁ ቅርብ ያለውን አንሱ፦ ሰው፣ ግድግዳ፣ እጅ፣ እንስሳ። በክረምት ደግሞ የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው የፎገራ ሜዳ በውሃ ይዋጣል። ሲያዩት ያስደንቃል፤ ግን ቤቱ ውሃ የገባበት ሰው እዚያው ቆሞ እያያችሁ እንደሆነ አትርሱ።

ቀኝና ግራውን ለዩ

ይህን ክፍል ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ዕቅዱ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው።

ብዙ ሰው «የጣና ዳር መንገድ» ሲባል ሐይቁን ከመስኮት እያየ የሚሄድ ይመስለዋል። አይደለም። አስፋልቱ ከጎንደር በአዘዞ፣ በጠዳ፣ በማክሰኝት፣ በእንፍራንዝ፣ በአዲስ ዘመን፣ በወረታና በሐሙሲት አድርጎ ባሕር ዳር ይገባል። በጠቅላላው 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ ራቅ ብሎ ነው የሚወርደው። ጣና በደንብ የሚታየው ከፍ ካለ ቦታ ወይም ባሕር ዳር ስትደርሱ ነው። እኔና እህቴ የተሸነፍነው እዚህ ላይ ነው። «ወደፊት ይታያል» እያልን የሚታይበትን ቦታ በቀትር አለፍነው።

እንግዲህ ወደ ደቡብ ስትነዱ ሐይቁ በቀኛችሁ ነው፤ ማለትም ምዕራብ። ተራራው በግራችሁ ነው። ጠዋት ፀሐይ ከግራ፣ ከተራራው በኩል ትወጣለች። ወደ ሐይቁ ስትዞሩ ፀሐይ ከጀርባችሁ ትሆናለች። ውሃው ሰማያዊ ሆኖ፣ ሜዳው ቀለሙን ይዞ ይወጣል። ከሰዓት በኋላ ይገለበጣል። ፀሐይ ከሐይቁ በኩል ዓይናችሁ ውስጥ ትገባለች፤ ውሃው ያንጸባርቃል፣ ተራራው ግን ፊቱ በሙሉ ይበራል።

ሌላም ጥቅም አለው። እኛ አገር የምንነዳው በቀኝ ነው። ስትሄዱ ሐይቁ በቀኝ ስለሆነ መኪናው ዳር ይይዛል፣ እናንተም አስፋልት ሳታቋርጡ ወርዳችሁ ታነሳላችሁ። ስትመለሱ ተራራው በቀኝ ይሆናል፤ ከሰዓት በኋላ ከሆነ ደግሞ ብርሃኑ እሱ ላይ ነው። ስለዚህ ደንቡ አጭር ነው፦ ጠዋት ስትሄዱ ሐይቁን፣ ከሰዓት ስትመለሱ ተራራውን። በመጀመሪያው ቀን ሁለቱንም ካልያዝኩ ብላችሁ አትጨነቁ።

ስለ ሰዓቱ ደግሞ፦ በእኛ አካባቢ ፀሐይ እንደ ወሩ ከ12:00 እስከ 12:45 ባለው ጊዜ ውስጥ ትወጣለች። ለስላሳው ብርሃን እስከ 2:30 ድረስ ይቆያል። 3:30 ድረስም ይሠራል። ከ4:30 እስከ 8:30 ያለው ግን ከባድ ነው። በተለይ በሚያዝያ አጋማሽና በነሐሴ አጋማሽ ፀሐይ በቀትር አናታችን ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች። የሰው ዓይን ከግንባሩ ጥላ ሥር ይጠፋል፣ ፊቱ ይጠቁራል። ያን ሰዓት ለምሳና ለቤት ውስጥ ፎቶ አስቀምጡት። ከ9:30 በኋላ ብርሃኑ እንደገና ይመለሳል።

ማቆሚያዎቹን ጻፉ፤ ከ6 አይብለጡ

ስልካችሁ ላይ ካርታውን ቀድማችሁ አውርዱት፤ ኔትወርክ በየቦታው አይገኝም። ቦታዎቹን ምልክት አድርጉባቸው። ከጎናቸው ሦስት ነገር ጻፉ፦ የምደርስበት ሰዓት፣ መኪና የሚቆምበት ቦታ፣ የማነሳው ነገር። ሦስተኛው ባዶ ከሆነባችሁ ያንን ማቆሚያ ሰርዙት። «ያምራል» ብቻውን ምክንያት አይሆንም።

የእኔ ዝርዝር ይኸው።

*ጎሃ ኮረብታ፣ በዋዜማው።* ጎንደርን ከላይ ማንሳት የምትፈልጉ ጠዋት ጎሃ ወጥታችሁ ሰዓት አታባክኑ። በዋዜማው 11 ሰዓት ላይ ውጡ። ከተማው ወደ ደቡብ ተዘርግቶ ይታያል፣ ፀሐይ ከቀኝ ጎን ትመታዋለች። የፋሲል ግንብ ማማዎች ግማሽ ጎናቸው በርቶ፣ ግማሽ ጎናቸው ጠቁሮ ሲታዩ ድንጋዩ ክብደት ያገኛል። በዚያውም ስልካችሁን ሙሉ ቻርጅ አድርጋችሁ ተኙ።

*ጉዛራ።* የጉዞው ልብ ለእኔ ይህ ነው። 12:30 ላይ ከጎንደር ውጡና እስከ እንፍራንዝ አካባቢ ምንም ሳትቆሙ ሂዱ። ይህ ይከብዳል፣ አውቃለሁ። መንገዱ ላይ የሚያምር ነገር ይታያችኋል። እለፉት፤ ስትመለሱ ታገኙታላችሁ። 2 ሰዓት አካባቢ ኮረብታው ሥር መድረስ ነው ግቡ።

ጉዛራ የዐፄ ሠርፀ ድንግል ግንብ ነው። እሳቸው የነገሡት እ.ኤ.አ. ከ1563 እስከ 1597 ነው። ዐፄ ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሩት በ1636 ነው። ስለዚህ ይህ ግንብ የጎንደር ግንቦች ታላቅ ወንድም ነው። ክብ ክቡን የማዕዘን ማማ ስታዩ ዝምድናው ወዲያው ይገባችኋል። ግን ከተማ ውስጥ ያለው ግንብ በዛፍና በቤት ተከቧል። ይኼኛው ኮረብታ ላይ ብቻውን ነው፤ ከፊቱ ሜዳው፣ ከሜዳው ማዶ ጣና።

እዚህ 45 ደቂቃ ስጡት። መጀመሪያ ምንም ሳታነሱ ግንቡን ዙሩት። ከዚያ ሦስት ፎቶ አስቡ። አንደኛ፣ ግንቡ በጠዋት ፀሐይ፣ ከምሥራቅ በኩል ሆናችሁ። ሁለተኛ፣ ከግንቡ መክፈቻ ውስጥ ሆናችሁ ወደ ውጭ፤ የድንጋዩ ጥቁር ጠርዝ ለሜዳው ፍሬም ይሆነዋል። ስልኩ ላይ የበራውን ሜዳ በጣታችሁ ንኩና ብርሃኑን ትንሽ ዝቅ አድርጉት። ሦስተኛ፣ ሐይቁ ራሱ፤ ግን አንድ ሰው ወይም ዛፍ ከፊት አስገቡ። ጣና በስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ውሃ ነው። ከፊቱ መለኪያ የሚሆን ነገር ከሌለ ግን ስፋቱ አይታወቅም፤ ቀጭን ሰማያዊ መስመር ሆኖ ይቀራል። የእናቴ ጥያቄ መልስ ያገኘው እዚህ ቦታ ላይ ነው፤ ሁለተኛው ጉዟችን ላይ እህቴ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ጣናን እያየች።

ቦታውን የሚጠብቅ ሰው ካለ መጀመሪያ ሰላም በሉት፣ የሚከፈል ካለ ክፈሉ። ዝርዝር ብር ያዙ። የፈረሰው ካብ ላይ አትውጡ። የቆመው ግድግዳ ከ400 ዓመት በላይ የቆየ ነው፤ የእኛ አንድ ፎቶ ድንጋይ ሊያስለቅቀው አይገባም።

*አሞራ ገደል።* አዲስ ዘመን አካባቢ እንደ ጣት ቀጥ ብሎ የቆመ ዓለት አለ። የእሳተ ገሞራ ቅሪት ነው፤ በዙሪያው የነበረው ለስላሳ አፈር ተሸርሽሮ ሄዶ ጠንካራው እምብርት ብቻ ቀርቷል። መንገዱ እዚያ አካባቢ ስለሚጠማዘዝ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኩርባ ላይ አትቁሙ። ቀጥ ያለና ሰፊ ዳር እስክታገኙ ሂዱ፣ ከዚያ በእግር ተመለሱ። ስልኩን አቁማችሁ አንሱት፤ ቁመት ያለው ነገር ቁመት ይፈልጋል። 10 ደቂቃ ይበቃል።

*አዲስ ዘመን።* ሻይ፣ ቁርስ፣ መጸዳጃ። ፎቶ አትፈልጉ።

*አውራ አምባ።* ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ የሚገኝ መንደር ነው። ዙምራ ኑሩ እ.ኤ.አ. በ1972 የመሠረተው ማኅበረሰብ ነው፤ ወንድና ሴት ሥራ ሳይለዩ እኩል በመሥራታቸው ይታወቃል። የሚተዳደሩበት አንዱ ሥራ ሽመና ነው። እዚህ በቀትር ድረሱ። ለምን በቀትር? ሽመናው ያለው ጣሪያ ሥር ነው። ውጭ ያለው ኃይለኛ ብርሃን በበርና በመስኮት ሲገባ ለስልሶ ነው። መኪና ሙሉ ሰው የሚጠላው ሰዓት እዚህ ወርቅ ይሆናል። ከበሩ ጎን ቁሙ፤ ሸማኔዋ ፊቷ ወደ ብርሃኑ ሲሆን አንሱ። ፍላሽ አጥፉ። መወርወሪያው ሲያልፍ እጅ ይፈጥናል፣ ስለዚህ ተከታታይ ፎቶ አንሱና የተሻለውን አስቀሩ። እንግዳ መቀበል የለመዱ ናቸው፤ ያስጎበኟችኋል። ጋቢ ግዙ። ለሠሩት ሥራ መክፈል ለፎቶ ከመክፈል ይሻላል፤ እኔ እንደዚያ ነው የማምነው።

*ፎገራ።* ከወረታ በኋላ መሬቱ ድንገት ጠፍጣፋ ይሆናል። 9 ሰዓት ላይ እዚህ ሁኑ። ሜዳው ለዓይን ሰፊ ነው፣ ለካሜራ ግን ባዶ መስመር ነው። ይህን የሚያስተካክሉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ የአድማስ መስመሩን ዝቅ አድርጎ ለሰማዩ ቦታ መስጠት ነው፣ በተለይ ደመና ካለ። ሌላው ዝቅ ብሎ ማንሳት ነው። በርከክ ስትሉ የሩዙ ዛላ ከፊት ይገባል፣ የፎገራ ከብትም ከአድማሱ በላይ ቀና ብሎ ይታያል። የፎገራ ላም በወተቷ የታወቀች፣ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር የሆነች ዝርያ ናት፤ አረንጓዴ ላይ ስትቆም ሌላ ማስዋቢያ አያስፈልጋትም።

ሩዝ ማሳ ውስጥ አትግቡ። ድንበሩ ላይ ስትቆሙም አስፈቅዱ፤ ውሃ የሚይዘው እሱ ስለሆነ ሲረገጥ ይፈርሳል። ወፍ የምትወዱ ከሆነ ከኅዳር እስከ ጥር ከአውሮፓ የሚመጡ ረጃጅም ወፎች በመንጋ እየወረዱ ከታጨደው ማሳ ሲለቅሙ ታያላችሁ። ለእነሱ ስልክ አይበቃም። ደግሞ ተጠግታችሁ አታስነሷቸው፤ ከመኪና ሳትወርዱ ማንሳት ይሻላል። መኪናን እንደ ሰው አይፈሩም።

እዚህ ላይ ልቤን የሚያሳዝነኝን ነገር ልናገር። ወደ ሐይቁ ዳር የመጠጋት ዕድል ካገኛችሁ ወይን ጠጅማ አበባ ያለው አረንጓዴ ምንጣፍ ልታዩ ትችላላችሁ። ያምራል። እምቦጭ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011 አካባቢ ጀምሮ የጣናን ሰሜንና ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ያነቀው አረም ይኸው ነው። ዓሣ አጥማጁን መረብ ከልክሎታል፣ ለከብት የሚሆነውን ግጦሽ ወስዷል። አንሱት፣ ግን «የጣና አበባ» ብላችሁ አትልጠፉት። ምን እንደሆነ ጻፉ። ሰው እየነቀለ ከሆነ እሱን አንሱ፣ በእጁ የያዘውን ጭምር። አንዲት ግንጥል እንኳ ወደ ሌላ ውሃ እንዳትሄድ፤ ከግንጥልም ተባዝታ ትስፋፋለች።

*ባሕር ዳር።* ከፎገራ በ10 ሰዓት ብትነሱ ሰፊ ጊዜ አላችሁ። ከጎንደር በኩል ወደ ከተማው ስትገቡ ዓባይን ትሻገራላችሁ። 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ ድልድይ የተመረቀው በግንቦት 2016 ዓ.ም. ነው። ዓባይ ከጣና ወጥቶ ጉዞውን የሚጀምረው እዚያው አጠገብ ነው፤ ይህን አውቆ መሻገር ለእኔ ሁልጊዜ ደስታ ነው። ድልድይ ላይ ጥበቃ ካለ ሳትጠይቁ አታንሱ።

ለመጥለቂያዋ ሁለት ምርጫ አላችሁ። አንዱ ቤዛዊት ኮረብታ ነው፤ ዓባይ ሲጠማዘዝ ከላይ ይታያል። እዚያ ግን የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት አለ፤ ወደ እሱ ካሜራ አይዞርም። ሌላው የሐይቁ ዳር ነው። ሐይቁ ያለው ከከተማው በስተ ሰሜን ስለሆነ ፀሐይዋ ከግራ በኩል ነው የምትጠልቀው። በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ውሃ ውስጥ ስትገባ እናያለን ብላችሁ አትጠብቁ። እኔ የምጠብቀው ከጠለቀች በኋላ ያለውን 15 ደቂቃ ነው። ሰማዩ ይቀላል፣ ውሃው ቅላቱን ይወስዳል፣ ከደንገል የተሠራ ታንኳ ካለፈ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ብዙ ሰው ፀሐይ ጠልቃለች ብሎ በዚያ ሰዓት ነው የሚሄደው።

ከሹፌሩ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ

ኮንትራት ከያዛችሁ ዋጋ ስትነጋገሩ «ባሕር ዳር ድረስ» ብቻ አትበሉ። ስንት ቦታ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደምትቆሙ በዝርዝር ንገሩት። ካልነገራችሁት ሦስተኛው ቦታ ላይ «ቶሎ በሉ እንጂ» ይመጣል፤ ጥፋቱም የእሱ አይደለም። ከተነጋገራችሁ ግን ሹፌሩ ዋና ረዳታችሁ ነው። መንገዱን በየቀኑ ስለሚያየው «ከዚህ አለፍ ብሎ ሰፊ ቦታ አለ» የሚላችሁ እሱ ነው። ምሳ አብራችሁ ብሉ።

የሕዝብ ትራንስፖርት የምትይዙ ደግሞ በመንገድ መቆም የለም። ዝርዝሩን በሁለት ቆራርጡት፦ እስከ እንፍራንዝ በሚኒባስ ሄዳችሁ ጉዛራን እዩ፣ ከዚያ ሌላ መኪና ይዛችሁ ባሕር ዳር ግቡ። ጠዋት በቀኝ መስኮት ተቀመጡ። መስኮቱን በጨርቅ ጥረጉት፣ ስልኩን መስታወቱ ላይ ለጥፉት፤ ነጸብራቁ ይጠፋል።

በራሳችሁ መኪና ከሆነ የሚነዳውና የሚያነሳው ሰው ይለያይ። ጎማው አስፋልት ላይ እንዳለ መቆም የለም። የገበያ ቀን መንገዱ በሰውና በአህያ ይሞላል፤ ያን ቀን ለእያንዳንዱ ከተማ ተጨማሪ 15 ደቂቃ ያዙ።

ሰው ስታነሱ

ሥራ ላይ ያለ ሰው አጠገብ ስትደርሱ ካሜራው አንገታችሁ ላይ ይሁን፣ ፊታችሁ ላይ አይሁን። መጀመሪያ «እግዜር ያበርታዎ አባባ» በሉ። መልስ ይመለስላችኋል። ስለ አዝመራው ጠይቁ። ከዚያ «ፎቶ ባነሳዎት ይፈቅዱልኛል?» በሉ። እትዬም እማማም እንደዚያው፣ በአንቱታ። እምቢ ካሉ «እሺ፣ ይቅርታ» ብሎ መሄድ ነው፤ ሁለተኛ መጠየቅ አያስፈልግም። ሕፃን ያቀፈች እናት ዓይን ስለምትፈራ ፊቱን ትሸፍነዋለች። ተዉአት።

ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ካህኑን ወይም ዘበኛውን ሳትጠይቁ አታንሱ። ከተፈቀደላችሁም ሥዕል ላይ ፍላሽ አይበራም።

ልጆች ይከቧችኋል። ብር ከማደል ይልቅ ያነሳችሁትን አሳዩአቸው። ሲስቁ ደግሞ ሌላ ፎቶ ይወጣል።

ስልኩን በተመለከተ

ሌንሱን ጥረጉ። በኪስ ውስጥ የዋለ ስልክ ሁልጊዜ ቅባት አለው፤ ፎቶው ጉም የመሰለበት ሰው ግማሹ ችግሩ ይኼ ነው። በጣት ዘርግታችሁ አታቅርቡ፣ በእግር ቅረቡ። የመስመር ማሳያውን አብሩ፤ የሐይቁ አድማስ ዘንበል ካለ ጣና የሚፈስ ይመስላል። ፓወር ባንክ ያዙ። በዋዜማው ስልኩ ላይ ቦታ አስለቅቁ።

በእያንዳንዱ ማቆሚያ መጨረሻ መኪና ከመነሳቱ በፊት ያነሳችሁትን አንድ ጊዜ እዩ። የተንቀጠቀጠውን፣ ዓይን የጨፈነውን እዚያው አጥፉ። ያልያዛችሁት ነገር ካለ ገና አጠገባችሁ ነው።

ስትመለሱ

በነጋታው ከባሕር ዳር 7 ሰዓት ላይ ተነሱ። በቀኛችሁ ያለው ተራራ ከሰዓት በኋላ ባለው ፀሐይ ይበራል። ስትሄዱ እያያችሁ ያለፋችሁትን ሁሉ አሁን ፊቱ በርቶ ታገኙታላችሁ። አሞራ ገደልንም በሌላ ብርሃን እዩት። ግን እንፍራንዝን ከ10 ሰዓት በፊት ማለፍ አለባችሁ፤ ጎንደር ሳይመሽ መግባት ግዴታ ነው።

ያነሳችኋቸው ሰዎች ፎቷቸውን ማግኘት አለባቸው። ቴሌግራም ያለው ልጅ ቤታቸው ካለ ቁጥሩን ተቀብላችሁ በዚያው ምሽት ላኩ። ከሌለ ጎንደር ስትገቡ ፎቶ ቤት አሳጥቡና በሚቀጥለው ጉዞ ያዙት። ፎገራ ላይ ያነሳኋቸው አንድ አባት አሉ፤ ሩዝ ሲወቁ ነበር። ከወራት በኋላ ፎቶውን ሳደርስላቸው ብዙ አዩት። ከዚያ ልጃቸውን ጠርተው «ያቺን ቀይ በሬ አየሃት? እሷም አለች» አሉት። ፎቶውን በመሐረብ ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱና ጠላ ቅመስ ብለው ቤት አስገቡኝ።